እንግዳ መጥቶብኝ ነበር

ጥቅምት 4

…ከዚያ ወፍጮው ቆመ። ሁልጊዜ እዚህ ላይ ነው የሚቋረጥብኝ። ዱቄቱ በመስኮቱ ብርሃን ውስጥ ተንጠልጥሎ አየዋለሁ፤ እጅህ ማጥፊያው ላይ ነው፤ የሞተሩ የጎማ ቀበቶ እየተንሸራተተ፣ እየተንሸራተተ… ከዚያ በኋላ ያለው ያንተ ነው እንጂ የኔ አይደለም። ሰው በገዛ ሕይወቱ ውስጥ ሌሎች ብቻ ያዩዋቸው ቦታዎች ሲኖሩት ምን ይባላል? ዛሬ ሥራ ላይ ወረቀት ሳጥፍ ይህን ሳስብ ዋልኩ።

ሰላምታውን ዘለልኩት፤ ይቅር በለኝ ጋሼ። ለታላቅ ወንድሜ፣ አባትም እናትም ሆነህ ላሳደግከኝ፤ ጤናህ እንዴት ነው? ጉልበትህስ? ወፍጮው ጆሮህን ጡረታ ካወጣው ወዲህ ስልክ ላይ «ምን? ምን አልሽ?» ስትለኝ፣ እኔም ስጮህ፣ ጤናዬን ተከራዩ ሁሉ እየሰማው ነው። በደብዳቤ ይሻላል ያልከው ልክ ነው።

ስለ ክፍሏ ልንገርህ፤ ካልነገርኩህ እንደማትተኛ አውቃለሁ። አልጋ የለኝም፤ ፍራሹን መሬት ላይ ዘርግቼዋለሁ። የጠረጴዛውን ማዕዘኖች ከምሠራበት ጥረዛ ቤት በተረፈ የመጽሐፍ ሽፋን ጨርቅ ጠቅልያቸዋለሁ፤ ከሩቅ ሲታይ ጠረጴዛው ራሱ ወድቆ ፋሻ የታሰረለት ይመስላል። ድስቴን የኋለኛው ምድጃ ላይ ነው የምጥደው፣ እጀታውን ወደ ግድግዳ አዙሬ። ገላዬን የምታጠበው ተቀምጬ ነው። የመታጠቢያ ቤቱን በር አልቆልፍም፤ «ሰው አለ» የሚል ካርቶን እጀታው ላይ አንጠለጥላለሁ። ከታች ያሉት ተከራዮች ሲያዩት ይስቃሉ። ይሳቁ።

ኪኒኑን ጠዋት ከቁርስ ጋር፣ ማታ ከመተኛቴ በፊት እወስዳለሁ። ጠዋት ጠዋት ጭንቅላቴ እንደ ረጠበ ጥጥ ይከብደኛል። አንዳንድ ቃል ከንፈሬ ድረስ ይመጣና ይመለሳል፤ ትናንት «መቀስ» ለማለት ጣቶቼን ከፍቼ ዘጋሁ። ሐኪሙን ይቀንስልኝ እንደሆነ ጠየቅኩት። «ደህና ሆንኩ ብለሽ እንዳታቆሚው፤ ደህና የሆንሽው በሱ ነው» አለኝ። አላቆምም። ደክሞኛል ማለቴ ብቻ ነው።

ሥራ ቤት መጀመሪያ መቁረጫው ማሽን ላይ ሊያቆሙኝ ነበር። «ማሽን ያስፈራኛል» አልኩ። አለቃው «ወፍጮ ቤት ያደገች ሴት?» ብሎ ሳቀ፤ ሌሎቹም ሳቁ። ከዚያ እጥፋት ላይ መደቡኝ። ፈሪ መባሉ ይቀላል።

ሌላ ምን አለ። ባለፈው ቅዳሜ ሳላስበው እንግዳ መጥቶብኝ ነበር። ከሰዓቱን ሙሉ ያዘኝ። ሲሄድ ድክም ብሎኝ እንደ ድንጋይ ተኛሁ። ግን አትጨነቅ፣ ክፉ አልነበረም።

እህትህ


ጥቅምት 19

ከልቤ ለማትወጪው እህቴ። ሰማዩ በላይሽ ይጽና፤ መሬቱ ከእግርሽ በታች አይናጋብሽ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴም እንዳለ ነው።

ደብዳቤሽን እያነበብኩ እስከ መቀሱ ድረስ ፈገግ እያልኩ ነበር። ከዚያ «እንግዳ መጥቶብኝ ነበር» አልሽ። እንደ ዋዛ፤ ከምድጃና ከካርቶን በኋላ።

ወፍጮው ከቆመ በኋላ ያለውን ከፈለግሽ ልንገርሽ። ያቆምኩት እኔ ነኝ። ጆንያዎቹ መካከል ወድቀሽ ነበር። እህል ይዛ የመጣች አንዲት ሴት «ማንኪያ አፏ ውስጥ ክተቱ» አለች፤ ከተትን፤ የፊት ጥርስሽ የተሸረፈው ያኔ ነው። ሌሎች ገበያተኞች በሩን ሲያንኳኩ ምን እንደምል ጠፋኝ። «ዛሬ እንግዳ አለብን፣ ነገ ኑ» አልኳቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን ስሙ ይኸው ሆነ። እናታችንም ነፍሷ እስክትወጣ «እንግዳው ተመለሰ እንዴ?» እያለች ነበር የምትጠይቀኝ። ሌላውን ስሙን አፌ አይለውም።

ታዲያ እንግዳ ስትይ እኔ ምን ልረዳ? እንግዳ «መጥቶልኝ» አላልሽም፤ «መጥቶብኝ» ነው ያልሽው። ከሰዓቱን ሙሉ ያዘኝ አልሽ። ሐኪሙ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ሳትቆዩ ሐኪም ቤት አድርሷት ያለውን ረሳሽው? እንደ ድንጋይ ተኛሁ አልሽ። እንዴት እንደምትተኚ እኔ አውቃለሁ፤ ያንን እንቅልፍሽን ቁጭ ብዬ የጠበቅኩት እኔ ነኝ።

ያደረግኩትን አድርጌያለሁ። ለአከራይሽ በቤቱ አድራሻ ጻፍኩላቸው። ስሙን አልጻፍኩትም፤ «ትወድቃለች፣ መድኃኒት አላት፣ ለእርስዎ አደራ ሰጥቻታለሁ» ነው ያልኩት።

ክፍልሽ እዚህ እንዳለ ነው። መስኮቱን ጠግኜዋለሁ። ነይ አላልኩም። እንዳለ ነው ነው ያልኩት።

ወንድምሽ


ኅዳር 8

ለወንድሜ ለጋሼ፤ ሰላም ላንተ ይሁን፤ ቤትህንም ጆሮህንም ይጠብቅልህ።

እንግዳው ሰው ነው። ሁለት እግር ያለው፣ ጫማውን በር ላይ አውልቆ የገባ ሰው። ጥረዛ ቤት ሙጫ የሚቀባ ልጅ አለ፤ «ሙጫው» እንለዋለን። ስሙ በሥራው የወጣለት ነው፣ በጠባዩ አይደለም። በዚህ ሰፈር ሲያልፍ ገባ። ክፍሉ አልተጠረገም፤ ጸጉሬ እርጥብ ነው፤ ያለኝ ኩባያ አንድ ነው። ሰው እንዲህ ሲሆንበት ምን ይላል? እንግዳ መጣብኝ ይላል። አማርኛ የሚናገር ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው። እኛ ቤት ብቻ ነው ቃሉ የታመመው።

በአንድ ኩባያ በየተራ ሻይ ጠጣን። ብዙ አወራ። ብዙ አዳመጥኩ። የደከመኝ ለዚህ ነው፤ ሰው ሳዳምጥ ከቆየሁ ብዙ ጊዜ ሆኖኛል።

አሁን ደብዳቤህ ያደረገውን ስማ። አከራዬን «መብራት አጥፉ» ነው የምንላት፤ እየዞረች በየበራችን የምትለው እሱኑ ስለሆነ። ደብዳቤህ የደረሳት ቀን ሳታንኳኳ ገባች። ፍራሼ ላይ ቁጭ አለች።

«ልጄ፣ ለምን ደበቅሽኝ?»

«ኪራይ እንጂ ጤና አልጠየቁኝም፣ እትዬ።»

«ቤቴ ውስጥ ብትሞቺብኝስ?»

«ሰው የሚሞተው የሆነ ቤት ውስጥ ነው።»

አልሳቀችም። ከሽርጧ ኪስ ማንኪያ አወጣች። የእንጨት ነው። «ብረቱ ጥርስ ይሰብራል አሉኝ» አለች፣ እንደ አሰበበት ሰው። አፌ ውስጥ ምንም እንደማይገባ ነገርኳት። ያለውን ነገር ከአጠገቤ ማራቅ፣ ከራሴ ሥር ለስላሳ ነገር ማድረግ፣ በጎኔ ማስተኛት፣ ሰዓት ማየት። ይኸው ነው። አትያዙኝ፣ ውሃ አትርጩብኝ፣ እስክነቃ አጠገቤ ሁኑ። «እሺ የኔ ልጅ» አለችና ማንኪያውን ወደ ኪሷ መለሰችው። እዚያው አለ። ደረጃ ላይ ስንተላለፍ እጀታው ይታየኛል።

ሙጫውንም ደረጃው ላይ አስቁማ «እንደምትወድቅ ታውቃለህ?» አለችው። ልነግረው ነበር ጋሼ። ቃሉን እየመረጥኩ ነበር።

ሌላ ምንም አልጠይቅህም። አንድ ጊዜ ጻፍላትና አደራህን አንሳ። እህቴ ራሷን ትችላለች በላት። ይህችን ክፍል ያገኘሁት ለዚህ ነው፤ የምተኛበትን፣ የምነሳበትን፣ መድኃኒቴን የምውጥበትን ሰዓት ራሴ ልይዝ። ይህ ከሄደ የሚቀረኝ ግድግዳ ብቻ ነው።

እህትህ


ታኅሣሥ 2

ለእህት ዓለም። ያሰብሽው ይሙላልሽ፤ ያላሰብሽው ደግሞ በበርሽ አይለፍ።

ሳቅኩ። ብቻዬን ቤት ውስጥ ጮክ ብዬ ሳቅኩ፤ ጆሮዬ እንኳን ሰማው። ሁለት እግር ያለው እንግዳ። ሙጫ የሆነ ወንድ ከያዘ እንደማይለቅ ንገሪው፤ ወንድሟ የወፍጮ ድንጋይ በእጁ ያነሳ ነበርም በይው። ነበር የሚለውን ብትዘልዪው ደስ ይለኛል። ለመሆኑ የማን ልጅ ነው? ስንት ዓመቱ ነው? አደራ፣ የተጠየቅሽውን መልሺ።

አደራ ስል። የለመንሽኝን አልጽፍም።

አከራይሽ መልስ ሰጥተውኛል። («እሷ» አትበያቸው፤ ትልቅ ሰው ናቸው።) መድኃኒትሽን ከነማዘዣው ቁም ሳጥናቸው ውስጥ ቆልፈው፣ ጠዋትና ማታ በእጃቸው እንደሚሰጡሽ ጽፈውልኛል። አንድም ቀን እንዳላለፈሽ፣ ውጠሽ አፍሽን ከፍተሽ እንደምታሳያቸው። ይህን አንቺ አልነገርሽኝም። ለምን እንዳልነገርሽኝ አላውቅም፤ መልካም ዜና ነው እንጂ ክፉ አይደለም።

እህቴ፣ ልንገርሽ። ያ ደብዳቤ የደረሰኝ ሌሊት እስኪነጋ ተኛሁ። ከሄድሽ ወዲህ እንዲህ ተኝቼ አላውቅም። በፊት ሌሊት እነቃና አሁን ብትወድቅ ማን ያያታል እያልኩ ጣራውን አያለሁ። አሁን የሚያይሽ ሰው አለ። ይህን እንቅልፍ አትቀሚኝ።

ደግሞ አደራ አንዴ ከሰጡ በኋላ መንጠቅ ነውር ነው።

ወንድምሽ


ጥር 21

ጋሼ፣ ሰላም ነህ?

ደህና ነኝ። ጉንፋን ይዞኝ ከሥራ ቀርቼ ነበር። ምላሴን ደግሞ ሻይ አቃጥሎኝ በጎኑ በኩል ስለቆሰለ ሳልጽፍልህ ቆየሁ። አሁን እየተሻለው ነው። እትዬ ሴት የልጅ ልጅ አገኘች። አየሩ ቀዝቅዟል። የማን ልጅ ነው ላልከኝ፣ ሙጫው የሹፌር ልጅ ነው።

እጽፍልሃለሁ።

እህትህ


የካቲት 3

እህቴ፣ ጤና ይስጥሽ።

በምላስሽ ነው እንዴ የምትጽፊው?

ሻይ የምላስ ጫፍ ነው የሚያቃጥለው። ጎኑን የሚያቆስለው ጥርስ ነው። ያንን ምላስ በጨው ውሃ ስንት ጊዜ አጥቤዋለሁ። ፊደልሽም ወደ ቀኝ ወድቋል፤ እንደዚያ የሚወድቀው በነጋታው ስትጽፊ ነው። ጆሮዬ ነው የሞተው እንጂ ዓይኔ አለ።

አልቆጣሽም። አከራይሽም አልጻፉልኝም፤ ዝም ካሉ እሳቸውም ያውቃሉ ማለት ነው። መጋቢት መግቢያ ላይ እመጣለሁ። ዕቃሽን አስሪ። ማታ ማታ አንተ ነህ ያመጣኸኝ ብለሽ የምትጠዪኝ ከሆነ፣ እዚህ ሆነሽ ጥዪኝ።

ወንድምሽ


የካቲት 17

ለጋሼ፤ ዕድሜህን ያርዝምልኝ፤ ልብህን ደግሞ ትንሽ ያሳርፍልኝ።

እውነቱን ጠየቅከኝ። ይኸው።

ጥር ላይ ነው፤ ዓርብ ከሰዓት ልጇን ምጥ ይዟት እትዬን ጠሯት። የቁም ሳጥኑ ቁልፍ አንገቷ ላይ ነው፤ አንገቷ አብሯት ሄደ። ማታ ከሥራ ስመለስ በሯ ተቆልፏል። ትመጣለች ብዬ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ቅዳሜ መድኃኒት ቤት ሄድኩ። የሚሸጠው ልጅ ጥሩ ልጅ ነው፤ «ያለ ማዘዣ ይህን አልሸጥልሽም፣ ይቅርታ አድርጊልኝ» አለኝ። ማዘዣው ቁም ሳጥኑ ውስጥ ነው። ሐኪሜ ሰኞ ነው የሚገባው። ለእትዬ ስደውል ስልኳ ከወጥ ቤቷ ውስጥ ጮኸ፤ ረስታው ሄዳለች።

መስኮቷ በጉልበት እንደሚከፈት አውቃለሁ። ልገባ፣ ቁም ሳጥኑን ልሰብረው አሰብኩ። እሁድ መስኮቱ ፊት ብዙ ቆሜ አየሁት። የሰው ቤት ነው፤ የሰው ዕቃ ነው። ያሳደግከኝ አንተ ነህ። የራሴን መድኃኒት ለመውሰድ ሌባ መሆን አቃተኝ። ሦስቱንም ሌሊት አልተኛሁም፤ አለመተኛት ደግሞ ምን እንደሚያደርገኝ ታውቃለህ።

ሰኞ ማጠፊያው ጠረጴዛ ላይ ነበርኩ። እጄ ወረቀቱ ላይ ነው። የማጣበቂያው ሽታ እንደ መዳብ ሆነብኝ። ከዚያ በኋላ ያለው እንደ ወፍጮው ነው፤ የሌሎች ነው።

የሰማሁትን ልንገርህ። ሁሉም ተነሥተው ቆሙ። አለቃው «ማንኪያ አምጡ፣ ማንኪያ» ሲል፣ ሙጫው «ሰዓት ነው የምፈልገው» አለው። ወንበሩን ገፋ። ሹራቡን አውልቆ ከራሴ ሥር አደረገ። በጎኔ አስተኛኝና የአለቃውን የእጅ ሰዓት እያየ ተቀመጠ። ሦስት ደቂቃ አልሞላም አለኝ። ስነቃ «ሰኞ ነው፣ ሥራ ቤት ነሽ፣ እኔ ሙጫው ነኝ» ሲል ነው የሰማሁት። ያን ቀን ከዚያ የተሻለ ዓረፍተ ነገር የነገረኝ ሰው የለም። ከዚያ አብሮኝ ሐኪሙ ጋ ሄደ።

እንዴት አወቀ ትለኛለህ። እትዬ ደረጃው ላይ ከነገረችው በኋላ አይመጣም ብዬ ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ የራሱን ኩባያ ይዞ መጣ። «እሺ፣ ስትወድቂ እኔ ምን ላድርግ?» አለኝ። ነገርኩት። «በቃል አይገባኝም» ብሎ ራሱ ወለሉ ላይ ወደቀ። በጎኑ ሳስተኛው ተኮርኩሮ ሳቀብኝ፤ እኔም ሳቅኩ። ያን ዕለት ማታ «እንግዳ መጥቶልኝ ነበር» ብዬ ልጽፍልህ ወረቀት አወጣሁ። ቂም ስለያዝኩብህ ተውኩት።

ጥር ላይ የዋሸሁህ እንዳትመጣ ነው። አንተ ደግሞ በዋሸሁት ነው የምትመጣው።

እትዬ ተመልሳ የሆነውን ስትሰማ አለቀሰች። ይቅርታ ጠየቀችኝ፣ እጄን ያዘች። ከዚያ አንድ ቁልፍ አይበቃም ብላ ሁለተኛ አስቀረጸች። ሁለቱም አንገቷ ላይ ናቸው። ሥራ ቤት አለቃው «ለካ ማሽኑ አይደለም የሚያስፈራሽ…» አለና ሳይጨርሰው ሄደ። እስካሁን እጥፋት ላይ ነኝ። የነገን አላውቅም።

አንተ ጋ ብሆን አልወድቅም? እወድቃለሁ ጋሼ። መድኃኒቴን ከወሰድኩ፣ ከተኛሁ፣ ባብዛኛው አልወድቅም፤ እዚህም እዚያም። ልዩነቱ እዚያ አንተ ታየኛለህ፤ እኔ ደግሞ ስታየኝ አይሃለሁ። ለእንቅልፍህ ስትል ሕይወቴን ጠየቅከኝ። እንቅልፍህ ያሳዝነኛል፤ እውነቴን ነው። ሕይወቴን ግን አልሰጥህም።

የምለምንህ እንደ በፊቱ ነው፤ ትንሽ ተቀይሯል። ለእትዬ አትጻፍላት። እኔ ራሴ እነግራታለሁ። አንተ ግን ለእኔ ጻፍልኝ፤ ስሙን ጽፈህ ጻፍልኝ። የሚጥል በሽታ ነው። እንግዳ አይደለም፤ ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ ከእኔ ጋር የሚኖር ነው። መጋቢት ላይ መምጣት ካማረህ ና፤ ፍራሹን እለቅልሃለሁ። ሻንጣ ግን ይዘህ የምትመጣው የራስህን ልብስ ብቻ ይሁን።

ደረጃው ላይ እየመጣች ነው። የማታው ሰዓት ደርሷል። ወረቀቱን አልደብቀውም።

ገባች። አላንኳኳችም። በአንድ እጇ ውሃ፣ በአንድ እጇ ኪኒኑ። የተባባልነውን እዚሁ እጽፍልሃለሁ፣ ቆማ እያየችኝም ቢሆን።

«ምን ትጽፊያለሽ?»

«ለወንድሜ።»

«ሰላም በይልኝ።»

«እሺ። እትዬ፣ ብልቃጡን ይስጡኝ። ማዘዣውንም።»

«አደራ በላ ላድርገው ራሴን?»

«አደራ የተባሉት እኔን ነው። ይኸው አለሁ፤ አልበሉኝም። መድኃኒቱን ግን ይስጡኝ።»

ውሃውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ፊቷ እንዳንተ ነው፤ ብዙ ሌሊት ጣራ ያየ ሰው ፊት ነው።

«ባልሰጥሽስ?»

«ነገ ሐኪሜ ሌላ ይጽፍልኛል። ከዚያ ሌላ ክፍል እፈልጋለሁ።»

«ማን ያከራይሻል ብለሽ ነው? እንዳትደብቂያቸው ደግሞ።»

«አልደብቅም። ማን እንደሚያከራየኝ አላውቅም።»

ኪኒኑን ከውሃው አጠገብ አኖረችልኝ። አፌን ክፈቺ አላለችኝም። በሩን ሳትዘጋ ወጣች። ዋጥኩት።

አሁን ከታች ነች። መሳቢያ ሲጎተት እሰማለሁ፣ ወይም ወንበር ይሆናል። ቁልፍ ሲጋጭ እሰማለሁ። ደረጃውን እየወጣች ነው፤ እንደ ቅድሙ አትፈጥንም። መደገፊያውን እንደያዘች ከድምፁ አውቃለሁ። እጇ ውስጥ የሆነ ነገር ካለ ከዚህ አይታየኝም፤ የሚታየኝ መተላለፊያው ላይ ያረፈ ጥላዋ ነው። በሬ ጋ ደርሳ ቆመች። «ይግቡ» አልኩ። አልገባችም። መብራት አጥፊም አላለችኝም። እስክትናገር ብዬ ይህን እጽፍልሃለሁ ጋሼ፣ ቀና አላልኩም፣ እየጻፍኩ

ሳትገባ በሩን ቀስ ብላ ዘጋችልኝ።